ኤሊሴዮ፣ ከመጫንህ በፊት

ኤሊሴዮ ወንድሜ፣ መልእክትህ ደረሰኝ፤
አሪካን ልትለቅ ነው? ደስ አለኝ፣ ጨነቀኝ።
ከደረቁ ምድር እስከ ንፋስ አገር፣
ከቺሌ ራስጌ እስከ ግርጌዋ ድንበር፣
ቤት ጠቅልሎ መዞር
እንደ ወሬው አይደል፤ ና እንነጋገር።

መጀመሪያ ነገር፣ በስልክ ዋጋ አትስማ።
እኛ ሰምተን ነበር፣ ድምፁ ያለው ግርማ፣
ስሙ ሪጎቤርቶ። ደጄን ሳይረግጠው፣
ቁም ሳጥን ሳይለካ፣ ጓዜን ሳይመዝነው፣
ባየር ላይ ቆረጠው።
አንሴልሞን ታውቀዋለህ፣ ርካሽ ሲያይ ይቀልጣል፤
ቀብዱን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ይሰጣል።
«ውሉስ?» ብዬው ነበር። «ሰውየው ቃል አለው።»
ቃል ጥሩ ነገር ነው፤ ጎማ ግን የለው።

ፑዌርቶ ሞንት ደርሶ፣ መርከቡ እየጠራ፣
ስልኬ በሌሊት ጮኸ፣ ሰውየው ሊያወራ፦
«ኪሎው በልጧል እመቤት፤ ሦስት መቶ ሺህ ፔሶ፤
አለዚያ ይደር ዕቃው፣ እዚሁ በስብሶ።»
ዝናቡን ሰማሁት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ።
ከፈልን፤ በገዛ ድስታችን መያዣነት፣ በግድ።

ሁለተኛው ስህተት የኔ ነው፣ አልክድም፦
አሪካ ፀሐይ ላይ ብርድ ትዝ አይልም፤
ብርድ ልብሱን ሁሉ፣ የሱፍ ካልሲውን፣
የአንሴልሞን እንኳን የግፊት ክኒኑን፣
ከፍሪጁ ኋላ፣ ከሁሉ በፊት ጫንኩ።
መጀመሪያ የገባ መጨረሻ ይወጣል፤
ይህችን ለማወቅ ሰው ትምህርት ቤት ይሄዳል?
ፑንታ አሬናስ ስንገባ ንፋሱ ሲያፏጭ፣
ሁለት ሌሊት አደርን፣ መጋረጃ ለብሰን፣ ቁጭ።
የቸኮለች ሴትዮ አፍሳ ለቀመች አሉ፤
እኔ አፍስሼ ቀረሁ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ዋሉ።

እና ጻፍ፣ እርሳስ ካለህ።
ጫኚው ቤትህ ይምጣ፣ አልጋ ሥር ይጎንበስ፤
ዋጋው በቁጥር ይስፈር፣ ፊርማው ሳይደርቅ ሂሳብ አትጨርስ።
ሳጥኑን ቁጠረው፣ ጎን ጎኑን ጻፍበት፤
ክኒንና ወረቀት ብብትህ ሥር ክተት።
እንጨት አትመን ደግሞ። በረሃ ያደረቀው
እዚህ ጭጋግ ጠጥቶ ያብጣል እንደ ሰው።
የአባባ መሳቢያ፣ ከመጣን ጀምሮ
አልከፈት ብሏል፣ በእርጥበት ተወጥሮ፤
የቤቱ ካርታ ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።
አንሴልሞ በየማለዳው ይጎትተዋል፣ እንደ ጸሎት አድርጎ።

ድንጋዩን ሰምተሃል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር።
ከበረሃው ለቅሞ፣ ቀዩንም ግራጫውንም፣
አንድ ሳጥን ሙሉ፣ «ትዝታ ነው» ብሎ ጫነ።
ድንጋይ በኪሎ ከፍለን ማምጣታችንን
ሰፈሩ ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ሳቀ፤
ጎረቤቴ ዶራሊሳ ዳቦ ይዛ መጥታ
ሳጥኑን አይታ እንደገና ሳቀች።
አሁን ንፋሱ በሩን እንዳይነጥቀው
የሚይዝልን እሱ ነው።
ስለዚህ አልፈርድም።

ኤሊሴዮ፣
ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ስለ ኪሎ አይደለም።
የእማማ የስፌት መኪና እዚህ የለም።
ስትመጣ ብትፈልገው አታገኘውም፤
ከመርከብ አልወደቀም፣ ሪጎቤርቶም አልሰረቀውም።
ብረቱ ከበደኝና፣ የመጨረሻው ቅዳሜ፣
ገበያው ጫፍ፣ ሰማያዊ ሸራ ከተወጠረበት
አሮጌ ዕቃ ለሚሸጥ አንካሳ ሰውዬ
ባሥራ ሁለት ሺህ ፔሶ ሰጠሁት።
ሃያ ስድስት ኪሎ ነበር።
የድንጋዩን ሳጥን እዚህ መዝኜዋለሁ፤
እሱም ሃያ ስድስት።
ለአንሴልሞ አልነገርኩትም።

አንተ ገና እዚያ ነህ።
በሸራው ሥር ብታልፍ፣ ምናልባት አልተሸጠም፤
በግራ ጎኑ ቀለሙ ተልጧል፣
የእማማ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ።
ሌላውን ሁሉ ተከራከር፣ ሌላውን ሁሉ መዝን፤
ያንን ግን፣ ወንድሜ፣
ስንት ይመዝናል ብለህ እንዳትጠይቅ።